ከውጭ የተቆለፈ በር

ይኼ ነገር የደረሰብኝ አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እስከ ዛሬ የቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ትከሻዬ ይሸማቀቃል። አሁን ልጽፈው የተነሣሁት ግን እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ሰሞኑን ከቤታቸው ሆነው ለሚሠሩ ሰዎች የተጻፈ ምክር አንብቤ ስለተናደድኩ ነው። ለብቻው የሥራ ጥግ አዘጋጁ ይላል። በቢጃማ አትሥሩ ይላል። የሥራ ሰዓታችሁን ለቤተሰብና ለጎረቤት አስታውቁ ይላል። ሁሉንም አድርጌያለሁ። ከሞት ያዳነኝ ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም።

አስቴር እባላለሁ፣ የምኖረው ሆሳዕና ነው። በፊት አዲስ አበባ አንድ ዕቃ በየቤቱ የሚያደርስ ድርጅት ውስጥ፣ ደንበኛ ደውሎ ሲቆጣ ይቅርታ ስል የምውል ሠራተኛ ነበርኩ። ባለቤቴ ደሳለኝ እዚህ መምህር ነው። ተጋብተን ልመጣ ስል አለቃዬ "ኮምፒዩተሩን ይዘሽ ሂጂ፣ እዚያው ሆነሽ ትሠሪያለሽ" አለችኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከታክሲ ሰልፍ ተገላገልኩ ብዬ እልል ነበር ያልኩት።

ሆሳዕና ውስጥ ግን ቀን ቀን ቤቷ የምትገኝ ሴት ሥራ የላትም። አራት ነጥብ። ማንም ክፋት ኖሮበት አይደለም። በሩ ክፍት ከሆነ ይገባል፤ ከተዘጋ ይንኳኳል፤ ካልተከፈተ ደግሞ "ታማ ይሆን?" ተብሎ ይገፋል። ለቅሶ አለ፣ አራስ መጠየቅ አለ፣ እንሰት የምትፍቅ ጎረቤት ማገዝ አለ፣ ወንፊት የሚዋስ አለ። ሄድፎን አድርጌ ለብቻዬ ሳወራ በመስኮት ያየችኝ አንዲት ሴትዮ አማቴ ዘንድ ሄዳ "ልጅቷን ቶሎ ጸሎት አስደርጉላት" ብላ ነበር።

በሩ ላይ "ሥራ ላይ ነኝ" የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ባሰ! ምን እንደሚል ለመጠየቅ የሚያንኳኳ ተጨመረ። እዚህ ቤት ሠራተኛ የሚቀጠር መስሏቸው ሰርተፊኬታቸውን ይዘው የመጡም ነበሩ።

ከሁሉም የበረታችብኝ እትዬ ረዲያ ነበረች። አጥራችን አንድ ነው። ከጃጁራ ቅቤ እያስመጣች ገበያ የምትሸጥ፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ስታወራ ማዶ ሰፈር የምትሰማ ሴት ናት። ጠዋት ወደ ገበያ ስትወርድ ቅቤዋን እኛ በር ላይ አሳርፋ "አስቴር፣ አለሽ?" ትላለች። አለሁ ካልኩ አለቀልኝ፤ ገብታ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ከጀርባዬ ሆና ስለ አማቿ ስታወራ፣ ስልክ ላይ የነበረው ደንበኛ "ይቅርታ እህቴ፣ የደወልኩት ገበያ ነው እንዴ?" አለኝ። አለቃዬ ያንን ጥሪ ሰማችው። ከዚህ በኋላ ከጀርባሽ የሰው ድምፅ ከተሰማ ወይ አዲስ አበባ ትመለሻለሽ ወይ ትሰናበቻለሽ አለችኝ።

የዚያን ዕለት ብልሃት ያልኩትን ብልሃት አመጣሁ። ደሳለኝ ጠዋት ሲወጣ የግቢውን በር ከውጭ በጓጉንቸር ይቆልፈው፤ ሰው ሁሉ ቁልፉን አይቶ የለችም ብሎ ይመለሳል። ደሳለኝ እሳት ቢነሣ በምን ትወጫለሽ ብሎ ተከራከረኝ።

"አታሟርት። ዝም ብለህ ቆልፍ" አልኩት።

ሠራ። እንዴት ያለ ሰላም! የሚመጣው ሁሉ ቁልፉን ያያል፣ ይመለሳል። ለቅሶ የቀረሁበት ቤት እንኳ "ምን ታድርግ፣ ቢሮ ውላ ነው" ብሎ ይቅር አለኝ። ቢሮዬ ከመኝታ ቤቴ አጠገብ መሆኑን ማን ነገራቸው?

እትዬ ረዲያ ብቻ ቁልፉን እያየች መጣራቷን አልተወችም። ጠዋት ጠዋት "አስቴር፣ አለሽ?" ትላለች። እኔ ማይኩን አጥፍቼ ትንፋሼን እውጣለሁ። ትንሽ ትቆማለች። ከዚያ ኮቴዋ ሲርቅ ይሰማኛል። ይቺ ሴትዮ ይኼን የሚያህል ጓጉንቸር አይታያትም እንዴ እያልኩ እበግን ነበር።

ጓጉንቸሩን በየቀኑ የሚያይ ሌላ ሰው እንደነበረ ግን አልጠረጠርኩም።

ዕለቱ የገበያ ቀን ስለነበር ሰፈሩ ጭር ብሏል። እትዬ ረዲያም ያን ጠዋት አልጠራችኝም። ለካ ከጃጁራ የሚመጣላት ቅቤ ቀርቶባት ቤቷ ውላለች። እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ፤ የጁስ መፍጫዋ ተሰብሮ የደረሳት ሴት ጆሮዬን ታደነቁረኛለች። ሄድፎኑ ሁለቱንም ጆሮ የሚደፍን ዓይነት ነው። ከኋላ በእንሰቱ በኩል አጥር ሲዘለል አልሰማሁም። የወጥ ቤቱ በር ሲፈነቀልም አልሰማሁም።

ክፍሉ ድንገት ጨለም ሲልብኝ ዞር አልኩ። ሰውዬ በሩ ላይ ቆሟል። የሱፍ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዷል፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ በእጁ ክንድ የሚያህል የግንባታ ፌሮ ይዟል። ከእኔ ይልቅ እሱ ደነገጠ።

"በሩ ተቆልፏል እኮ" አለኝ።

በቁጣ ነው ያለው፣ ልክ እንዳታለልኩት። ዛሬ ሳስበው ሳቅ ይመጣብኛል።

ፌሮውን ወደ ኮምፒዩተሩ ቀስሮ አምጪ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ አለኝ። ሰጥተሽው ቢሆን ይሄድ ነበር የሚሉኝ አሉ። እኔ እንጃ። እኔ ስደነግጥ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ አባቴም እንዲሁ ነበር። ኮምፒዩተሩን በሁለት እጄ አቀፍኩት። ትከሻዬን በፌሮው መታኝ። ሕመሙ ወዲያው አልመጣም፤ ግራ እጄ ብቻ የሌላ ሰው እጅ ሆኖ ተንጠለጠለ። ኮምፒዩተሩን መንትፎ ሲጎትት የሄድፎኑ ገመድ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር እኔም አብሬ ተጎተትኩ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ኮምፒዩተሩን ትቶ ገመዱን ያዘና አጠበቀው።

ሰው ታንቆ ሲሞት ምን እንደሚሰማው አሁን አውቃለሁ። ዓይኔ ከውስጥ የሚገፋ መሰለኝ። ጆሮዬ ውስጥ ደግሞ ያቺ ሴት ገና "ሃሎ? እየሰማሽኝ ነው?" ትላለች።

ጠረጴዛዬ ላይ የሻይ ፔርሙስ ነበር። ይኼ እንኳ ያኔ ሥራውን ስጀምር ካነበብኩት እንዲሁ ያለ ምክር የተማርኩት ነው፤ በየሰዓቱ ወጥ ቤት ከምትመላለሱ መጠጫችሁን አጠገባችሁ አድርጉ ይላል። እግዜር ይስጣቸው። በደኅናው እጄ ዳብሼ አገኘሁት። ክዳኑ ላልቶ ነበር። ወደ ኋላ ፊቱ ላይ ደፋሁት። እንደ በሬ አጓራ። ገመዱ ሲላላ ዞሬ በባዶው ፔርሙስ አፍንጫውን አገኘሁት። ደሙ ሸሚዜ ላይ ተረጨ። የፊት ለፊቱን መቀርቀሪያ ከፍቼ በግቢው ሮጥኩ።

የግቢው በር ላይ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። ከውጭ ተቆልፏል። ያስቆለፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ገፋሁት። ረገጥኩት። ቆርቆሮው ይንኮሻኮሻል እንጂ አይነቃነቅም። በሽንቁሩ ጓጉንቸሩ ይታየኛል። ቁልፉ ደሳለኝ ኪስ ውስጥ ነው፤ ደሳለኝ ደግሞ ጠመኔ ይዞ ተማሪ ፊት ቆሟል። ዕድሜ ልኬን ኡኡ ብዬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን አልኩ።

ከኋላዬ መጥቶ ፀጉሬን ያዘ። ፊቴን ከቆርቆሮው ጋር አጋጨው። ደገመው። የፊት ጥርሴ ወልቆ ምላሴ ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ። እጁ አፌ አጠገብ ሲመጣ አውራ ጣቱን ነከስኩት፤ ጥርሴ አጥንት እስኪነካ ነክሼ አለቅም አልኩ። ባቴን በፌሮው ሲመታኝ ወደቅሁ። ፊቱ በሻዩ ቀልቷል፣ አንድ ዓይኑ ተጨፍኗል።

"ዛሬ ከዚህ አትነሺም" አለኝ።

ኮምፒዩተሩን ረስቶታል። ከዚያ በኋላ የሚፈልገው እኔን ነበር። ጌታ ሆይ ነፍሴን ተቀበል ማለት ጀመርኩ፤ እውነቴን ነው።

ያኔ ከበሩ ውጭ "ከበሩ ራቂ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማዶ ሰፈር የሚሰማው ያ ድምፅ። ቀጥሎ ጓጉንቸሩ ላይ ብረት አረፈ። ሰውዬው ፌሮውን እንዳነሣ ደርቆ ቀረ፤ ሁለታችንም በሩን እናያለን። ደግሞ አረፈ። ሲሠልስ ቁልፉ ተበጠሰና በሩ ተበርግዶ ትከሻውን መታው። እትዬ ረዲያ የእንጨት መፍለጫ መጥረቢያዋን ይዛ ገባች።

ፌሮው ወደ ጭንቅላቴ ሲወርድ አየሁት። እሷ መሃል ገብታ ግራ ክንዷን ሰጠችው። ደረቅ ጭራሮ ጉልበት ላይ ሲሰበር ያለውን ድምፅ አሰማ። አልጮኸችም። በቀኝ እጇ መጥረቢያውን በጀርባው አዙራ ጉልበቱ ላይ አሳረፈችበት። ወደቀ። እላዩ ላይ ቆመች።

"የማንን ጎረቤት ነው የምትገድለው?" አለችው።

ጩኸቱን የሰማ ሁሉ መጣ። በገበያ ቀን ያ ሁሉ ሰው ከየት እንደፈለቀ አላውቅም። ከዚያ በኋላ የሆነው አያምርም። በዱላ የሚመታ፣ በጫማ የሚረግጥ፣ ድንጋይ የሚያነሣ። ሰውዬው እናቱን እየጠራ ይንከባለላል። እኔም በደም በተሞላ አፌ በሉት፣ በሉት እል ነበር። አዎ ብያለሁ፤ ያን ሰዓት ቢገድሉት ደስ ይለኝ ነበር። ያስቆመቻቸው እትዬ ረዲያ ናት። የተሰበረ ክንዷን በነጠላዋ ደግፋ መሃላቸው ገባች። እሱም እናት አለችው፣ ከዚህ ግቢ ሬሳ አይወጣም አለች። አንዱ አልሰማ ቢላት መጥረቢያዋን አነሣችበት። ተዉ። ፖሊስ መጥቶ በሕይወቱ ወሰደው።

ኋላ እንደሰማነው መንገዳችን ላይ የውኃ መስመር ሲቆፈር የቀን ሠራተኛ ሆኖ የሰነበተ ሰው ነው። ቁልፉን ጠዋትም ማታም ሲያየው፣ ይኼ ቤት ቀን ሰው የለውም ብሎ ደመደመ። እኔ ጎረቤቶቼን ያታለልኩበት ቁልፍ እሱን ጠራው።

ሐኪም ቤት አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። እሷ ክንዷን ጄሶ አድርገውላታል፣ እኔ ፊቴ አብጦ ዱባ አክሏል። ቀኑን ሙሉ የከነከነኝን ጠየቅኋት፤ በሩ ተቆልፎ እያየሽ ጩኸቱ የእኔ መሆኑን እንዴት አወቅሽ አልኳት።

"መች ጠፋሽኝና!" አለች። "በቆርቆሮው ይሰማል እኮ። ቀኑን ሙሉ ይቅርታ፣ ይቅርታ ስትዪ ነው የምትውዪው። የሚደበቅ ሰው ምክንያት አለው ብዬ ተውኩሽ።"

"ታዲያ ጠዋት ጠዋት ለምን ትጠሪኛለሽ?"

"ስጠራሽ ወሬሽን ታቆሚያለሽ። ዝም ስትዪ ደኅና ናት እልና ገበያዬ እሄዳለሁ።"

ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ። ጥርስ የሌለው ሰው ሲያለቅስ አያምርም፤ እሷ ሳቀችብኝ።

ሥራዬን በተመለከተ፣ ያ ሁሉ ጉድ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀድቷል። በወሩ ግምገማ ጥሪው "ከጀርባ ድምፅ ተሰምቷል" ተብሎ ነጥብ ተቀንሶበት አገኘሁት። ለአለቃዬ ደውዬ ምን እንዳልኳት እዚህ አይጻፍም። አፍራ አስተካከለችው። ያቺ የጁስ መፍጫ ደንበኛ ግን ደጋግማ እየደወለች ልጅቷ ተረፈች ወይ ብላ ስትጠይቅ ነበር አሉኝ።

የእትዬ ረዲያ ክንድ ተጠግኗል፣ ግን ጎብጦ ነው የያዘው። ቅቤዋን ትከሻዋ ላይ ማውጣት አትችልም፤ አሁን ገበያ የምትወርደው በባጃጅ ነው። ደሳለኝ አዲስ ጓጉንቸር ልግዛ ሲለኝ ግዛና አፍህ ላይ ቆልፈው አልኩት። አሁን የምሠራው በሩን ገርበብ አድርጌ፣ አንድ ጆሮዬን ነፃ አድርጌ ነው። ከቤት ለምትሠሩ ምክር ካስፈለገ የእኔ ይኼ ነው፤ ቤት መኖራችሁን የሚያውቅ ሰው ይኑር። ይረብሻችሁ።

ትናንትና አንድ ደንበኛ ዕቃዬ ዘገየ ብሎ ሲጮህብኝ ከበሩ "አስቴር፣ አለሽ?" ተባልኩ። ማይኩን አላጠፋሁም። ሰውዬውን አንዴ ይጠብቁኝ አልኩት።

"አለሁ፣ እትዬ!" ብዬ ሄድፎኑን አወለቅሁና፣ ቅቤዋን እስከ ባጃጁ ላደርስላት ወጣሁ።