ሁሴን ዓሣ የበላ ዕለት

ጋምቤላ ውስጥ ፀሐይ ሳትበረታ ጉዳዩን ያልጨረሰ ሰው ቀኑ የሱ አይደለም። ስለዚህ እናቴን ለደም ግፊት ክትትል ጤና ጣቢያ የምወስዳት በጠዋት ነው። ከሰፈራችን ከኒውላንድ ባጃጅ ይዘን እንወጣለን። እሷ መንገዱን ሙሉ ባጃጁን "ባለ ሦስት እግር ፍየል" እያለች ታማዋለች፤ እኔ የሻርፗን ጫፍ ከጎማው እጠብቃለሁ። ባለፈው ሰሞንም እንደ ልማዳችን ደርሰን አግዳሚው ላይ ተራ ስንጠብቅ አንዲት ወጣት ነርስ መጥታ ከፊታችን ቆመች። ጠዋት ጠዋት ለተራ ጠባቂ ስለ ጤና ያስተምራሉ። ዕድሜዬን በመምህርነት ስለጨረስኩ ሌላ ሰው ሲያስተምር ስሰማ ስህተት መልቀም ይቀናኛል። ያን ዕለት ግን መልቀሙን ረሳሁት።

ነርሷ የምትናገረው ስለ ሆድ ሕመም ነበር። በአማርኛ ትናገርና ቆም ትላለች፤ ጥበቃው በኑዌርኛ፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ደግሞ በአኙዋክኛ ይቀጥሉላታል።

"የትርፍ አንጀት ሕመም ብዙ ጊዜ እምብርት አካባቢ ይጀምርና ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ይወርዳል" አለች። "ያስመልሳል፣ ያተኩሳል። አትሹት፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትስጡት፣ ምግብም አታብሉት፤ ቶሎ አምጡት። ደግሞ ልብ በሉ። ሲያቃስት የቆየ ሰው በድንገት 'ለቀቀኝ' ቢላችሁ ዳነ ብላችሁ ከመንገድ እንዳትመለሱ። አንጀቱ የፈነዳው ያን ጊዜ ሊሆን ይችላል።"

የእናቴ ጆሮ ከከበደ ቆይቷል። በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና "ምን አለች?" አለችኝ።

የሻርፗን ጫፍ አስተካከልኩላት።

በሰፈራ ከወሎ ስንመጣ ገና ልጅ ነበርኩ። አባቴ እዚያው አገር ቤት በድርቁ ጊዜ ሞቶ ስለነበር እዚህ የደረስነው ሦስታችን ነን፤ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ሁሴንና እኔ። መንደራችን ከመኪና መንገድ ርቃ፣ ሣሩ ሰው በሚያህልበት ሜዳ ላይ የተሠራች ነበረች። ቤታችን ሁሴን ማለት ነበር። የሚቆፍረው እሱ፣ ጣራ የሚከድነው እሱ፣ እናቴ አገሯ ትዝ ብሏት ስትተክዝ የሚያስቃት እሱ። ትምህርቴን ትቼ ላግዝህ ያልኩት ቀን ሳቀብኝ። "አንቺ ጠመኔውን ያዢ፣ ዶማውን ለኔ ተይው" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳንም።

አንድ ነገር ብቻ ከእናቴ ጋር ያጣላው ነበር፤ ዓሣ። ወንዙ ዳር ካለችው የአኙዋክ መንደር ኡመድ የሚባል ወዳጅ ነበረው። እሱ ዘንድ በሄደ ቁጥር ዓሣ በልቶ ይመጣል። እናቴ ደጋ ተወልዳ ያደገች ናትና ዓሣን ከእባብ ለይታ አታየውም ነበር። በር ላይ አቁማው አፉን ሦስቴ ሳያጉመጠምጥ አታስገባውም። ድስቷንማ ማን ደፍሮ! ሁሴን እየተጉመጠመጠ በዓይኑ ይጠቅሰኛል፤ እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

በቆሎው ለእሸት በደረሰበት ሰሞን ሁሴን እምብርቱን ይዞ ከማሳ ተመለሰ። ሁላችንም እሸቱን ጠረጠርን፤ በዚያ ወራት ሆዱን ያልታመመ ሰው አልነበረማ። እናቴ ፌጦ በጠበጠችለት፣ አስመለሰው። ወጌሻው መጥቶ በቅቤ አሸው። ሲታሽ የጮኸው ጩኸት አሁንም በጆሮዬ አለ። በማግስቱ ሕመሙ ወደ ቀኝ ጎኑ ወርዶ ቀኝ እግሩን መዘርጋት አቃተው፤ ሰውነቱም እንደ ምጣድ ጋለ። የመንደሩ ወንዶች ሥራቸውን ጥለው ቃሬዛ አሰሩ። መኪና መንገድ ድረስ ሊሸከሙት፣ ከዚያ በተገኘው መኪና ከተማ ሊያደርሱት ተነሱ። እናቴና እኔ ከኋላ ተከተልን።

ጭቃው የኛ አገር ጭቃ ነው፤ እግር ይውጣል፣ ጫማ ያስቀራል። ተሸካሚዎቹ እየተፈራረቁ ተሸክመውት የኡመድ መንደር ጫፍ ካለው ዋርካ ሥር ስንደርስ ለማረፍ አወረዱት። ኡመድም ሰምቶ እየሮጠ መጣ። እዚያ ነው ሁሴን ድንገት ማቃሰቱን ያቆመው። ዓይኑን ገልጦ ዙሪያውን አየና "እማ፣ ለቀቀኝ" አለ።

እናቴ መሬት ላይ ተደፍታ አላህን አመሰገነች። ሽማግሌው ተሸካሚ ጋሽ ይመር ጎንበስ ብለው "እህል አሰኘህ ወይ?" አሉት። በኛ መንደር ታማሚ የሚበላውን በስሙ ከጠራ በሽታው ሸሽቷል ይባላል። ሁሴን ፈገግ አለና እናቴን በጎን እያየ "ዓሣ" አለ።

"እማማ፣ ዓሣ አለ" አለ ኡመድ። "ዛሬ ጠዋት ነው እኔ የያዝኩ። ትልቅ ነው።"

እናቴ ተነስታ ወደ ኡመድ ቤት ገባች፤ ከሚስቱ እጅ ድስቱን ተቀብላ ከእባብ የማትለየውን ያን ዓሣ ራሷ ቀቀለችው። ሥጋውን ከእሾኹ በጣቶቿ እየለየች፣ የሁሴንን ራስ ታፋዋ ላይ አስደግፋ አጎረሰችው። ብዙ አልበላም። ግን ሳቀ። "እማ፣ ዛሬ አንቺው ራስሽ እባብ አበላሽኝ" አላት። እሷም ሳቀች፤ እንባዋ በአገጯ ይወርዳል። ከወሎ ከወጣን እናቴ እንዲያ ስትስቅ አይቼ አላውቅም ነበር።

ደመናው እየከበደ መጣ። መኪና መንገዱ ገና ሩቅ ነው፣ ቤታችን ደግሞ በኋላችን፤ ታማሚውም ድኗል። ዱዓ ተደረገና ተመለስን። ተሸካሚዎቹ "ከበድክ፣ ዓሣው ነው" እያሉ ያሾፉበት ነበር።

በማግስቱ ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቆ አደረ። ፊቱ ገረጣ፣ ዓይኑ ጎደጎደ፤ ውሃ ብቻ ይላል። ወንዶቹ ጠሪ ሳይላክባቸው መጡ። በዚያው ጭቃ፣ በዚያው መንገድ እየሮጡ ተሸከሙት፤ የዚያን ቀን የቀለደ የለም። ዋርካውን አልፈን መኪና መንገዱ ከሩቅ ሲታየን ጋሽ ይመር "አውርዱት" አሉ፣ ቀስ ብለው። ወንድሜን መንገዱ ዳር ላይ ከፈንነው።

እናቴ የልጇን ዶማ አነሳች፤ እኔ ጠመኔውን ያዝኩ። እንዲያ ነው መምህር የሆንኩት። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ዓሣ የማይቀቀልበት ጁምዓ የለም። እናቴ በሠራች ቁጥር የምትለውም አንድ ነው፤ "አላህ ሊወስደው ሲል አንድ ከሰዓት መልሶ ሰጠኝ። በእጄ አብልቼ፣ አስቄ ሸኘሁት።" የሌላ ሰው ልጅ ሲሞት ለእናቲቱ ይህንኑ ትነግራታለች፤ "ያንቺም እንዲያ ያለ ሰዓት ይኖረዋል፣ እሱን ያዢ" ትላታለች። እኔም ያንኑ ይዤ ኖሬያለሁ። በከፋኝ ጊዜ ሁሉ በሐሳቤ የምሄደው ወደዚያ ዋርካ ሥር ነበር።

ይህች ልጅ እግር ነርስ በአንድ አረፍተ ነገር ያን ሰዓት ወሰደችብኝ። ሁሴን ሲስቅ ሆዱ ውስጥ መርዙ መፍሰስ ጀምሮ ነበር ማለት ነው። እኛ አላህን እያመሰገንን ፊታችንን ወደ ቤት አዞርን። ቀጥለን ብንሄድ ይድን ነበር? አላውቅም። የምቆጣው ሰው ባገኝ በቀለለኝ ነበር፤ ግን እሱን የወደደ ሁሉ ነው ከመንገድ የመለሰው። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ልቤ እንደ አዲስ ተሰበረ፤ ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩት መሰለኝ።

"ምን አለች እኮ?" አለች እናቴ እንደገና፣ አሁን ጮክ ብላ።

"ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ አለች።"

"ይኼንንማ ማን አጣው" ብላ ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ወዲህ ለጎረቤት ሁሉ እናገራለሁ። ሆዱን የታመመ ልጅ "ለቀቀኝ" ካለ እናቱ እልል ሳትል ባጃጅ የምጠራው እኔ ነኝ። እንደ ነገረኛ ሳያዩኝ አልቀሩም፤ ይዩኝ። የማላስተምረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት ስንመለስ ባሮ ድልድይ አጠገብ ባጃጁን አስቆመችና ዓሣ ገዛች። ቤት ገብታ ቀቀለችው። ከሆዱ በኩል ያለውን ለስላሳውን ሥጋ ከእሾኹ ለየችና "ሁሴን የወደዳት ይህችን ነበር" ብላ እጇን ወደ አፌ ዘረጋች።

ጎረስኩላት።