የሸይባው ስድስት ጎራሽ

ሸይባው ሽጉጡን «ታላቅ ነው» ይላል፤ ወዳጁ «ተራ ብረት ነው» ይላል። ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ የሚጀመር፣ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪደርስ የማያልቅ ሙግት ነበር። ሻይ ይዤ ስገባ የሰማሁትን፣ ብርጭቆ ልሰበስብ ስመለስም እሰማዋለሁ። ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ቁራጭ ብረት መሀላቸው አስቀምጠው እንደ ርስት ሲካሰሱበት ማየት መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር።

ዐረብ አገር፣ መላዝ በሚባል ሰፈር ሦስት ዓመት ያህል የሠራሁት በዚህ ሰው ቤት ነው። ሸይባ በእነሱ አፍ ሽማግሌ ማለት ነው፤ እኛ ሀበሾቹ እርስ በርስ ስናወራ አሠሪዎቻችንን እንዲያ እንላቸዋለን፣ ፊት ለፊት ግን «ባባ» ነው የምለው። ጡረታ የወጣ ወታደር ነበር። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ ወጥተው የየራሳቸውን ቤት ይዘዋል። የቀጠረኝ ባንክ የሚሠራው ትልቁ ልጁ ነው፤ አባቱን እንዳበላ፣ መድኃኒቱን እንድሰጥ፣ እንዳይወድቅ እንድጠብቅ። ወዳጁ ደግሞ ዲራ ገበያ ውስጥ የድሮ ጎራዴና ጩቤ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲያገላብጥ ስለኖረ በቀላሉ አይደነቅም።

ሽጉጡ ፈቃድ ያለው፣ የአሜሪካ ስሪት ስድስት ጎራሽ ነው። በየአገሩ ፖሊስ ወገብ ላይ ሲንጠለጠል የኖረው ዓይነት፤ ፊልም ላይ ያላየው ሰው የለም። ወዳጁም መከራከሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር።

«ታላቅ ማለት ብርቅ ማለት ነው» ይላል። «ይሄን ያልታጠቀ ዘበኛ የት አለ? ስድስቴ ተኩሶ ባዶውን ይቀራል። አዲሶቹን አታይም?»

«ጨውም በየቤቱ አለ» ይላል ሸይባው። «አንዱ ጥይት ቢከሽፍብህ ምላጩን ደግመህ ሳበው፤ ሌላው ይመጣል። አዲሶቹ ጥይታቸውን እጀታቸው ውስጥ ይደብቃሉ። ይሄ ግን ጥይት ጎራሹን ክብ ብረት ከፍተህ ከኋላው ስታየው ጎርሶ እንደሆነ፣ ባዶ እንደሆነ ይነግርሃል። ባለቤቱን አይዋሽም።»

አንድ ቀን ጥይቱን አውጥቶ ባዶውን ሰጠኝ። የጥንቱ ስድስት ጎራሽ መጀመሪያ በአውራ ጣት ይቀባበላል፤ ይሄኛው ምላጩን ብቻ ሲስቡት ራሱ አቀባብሎ ራሱ ይተኩሳል። ሳብኩት። መዶሻው ሳይነካ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ክቡ ብረት ዞረ፣ ከዚያ ቀጭ! ምላጩ እንዲያ ይከብዳል ብዬ አልጠበቅኩም።

«ባባ፣ ይሄ እንደኔ ነው» አልኩት። «ሁለት ሥራ በአንድ ጣት። እኔም እዚህ ቤት ማብሰሉም መጥረጉም በአንድ ደመወዝ ነው።»

እስኪያስለው ሳቀ። ወዳጁም ሳቀ፤ ግን አልተረታም።

ሸይባውን የወደድኩት በሽጉጡ አይደለም። በመጣሁበት ዓመት ነው፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ የሌለው ሀበሻ በየሰፈሩ እየታፈሰ አገሩ ሊመለስ ወደ ተርሒል እስር ቤት በሚጋዝበት በዚያ መከረኛ ጊዜ። የእኔ ወረቀት ሙሉ ነበር፤ ፍርሃት ግን ወረቀት አይጠይቅም። ዳቦ ለመግዛት ጥግ ድረስ መሄድ አቃተኝ። ሸይባው ነገሩ ገብቶት ምርኩዙን አነሣና «ያላ፣ ልጄ» ብሎ ወጣ። ነገሩ እስኪበርድ ድረስ እግሩን እየጎተተ አብሮኝ ይሄድ ነበር፤ እሱ ፊት ፊት፣ እኔ ከኋላው። የገዛ አባቴ ከዚያ በላይ አላደረገልኝም። አባቴ ወሎ ቆላ ውስጥ ምንሽሩን ወልውሎ የማይጠግብ ሰው ነበር፤ ሰርግ ላይ ሲተኩስ ቀለሁን ለቅሜ አፉን እየነፋሁ እንደ ፉጨት እጫወትበት ነበር። ከአባቴ የቀረኝ የመሣሪያ ዕውቀት ይኸው ነው።

እርጅና ብቻህን ና፣ ይላሉ የእኛ ሽማግሌዎች። የሸይባው እርጅና ብቻውን አልመጣም፤ መርሳትን አስከትሎ መጣ። መጀመሪያ መነጽሩን ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘሁት። ቀጥሎ የሞተች ሚስቱን «ከእህቷ ቤት አልተመለሰችም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ብነግረው እንደ አዲስ መርዶ ሆነበትና ከዚያ ወዲህ «ኢንሻአላህ ትመጣለች» ማለት ለመድኩ። አንድ ረፋድ ላይ ግን ሽጉጡን ይዞ ግቢው መሀል ቆሞ፣ የመጠጥ ውኃ የሚያመጣውን ሰውዬ እንደ ጠረፍ ዘብ አስቆመው። ሰውዬው ገሎኑን ጥሎ ሮጠ። ለልጁ ደውዬ የነገርኩት እኔው ነኝ፤ አልቆጭም፣ ሽጉጡ ጎርሶ ነበር።

ልጁ በዚያው ቀን መጥቶ ጥይቶቹን ወሰደ። ሽጉጡን ግን ለመውሰድ አልደፈረም።

ከሰዓት በኋላ ሸይባው እንደ ልማዱ ክቡን ብረት ከፈተው። ስድስቱም ቀዳዳ ባዶ ነው። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ጥርሴን አወለቁኝ» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ምግብ አልቀምስም አለ። ሩዙን ብለው፣ ሾርባውን ብለው፣ እንደ ልጅ ባባብለው አፉን ገጠመ። ሰውነቱ ከበፊቱም ከስቶ ስለነበር በእጄ ላይ እንዳይሞት ፈራሁ። ልጁ እየመጣ ይለምናል፣ እጁን ይስማል፤ ሸይባው ዓይኑን አያነሣም።

በመጨረሻ ልጁ፣ ሸይባው ሲያሸልብ ከራስጌው ያነሣውን ሽጉጥና አንድ ዘዴ ይዞ ወጥ ቤት ገባ። ከአንድ ተኳሽ ጓደኛው ስድስት የተተኮሱ ቀለሆች አምጥቷል። ሽጉጡ ውስጥ ሲከታቸው ከኋላ በኩል ጥይት የጎረሰ ይመስላል።  እኔ ግን አጎንብሼ ሳይ፣ ቀለሆቹ ቂጥ ላይ መርፌው የመታበት ስርጉድ አለ። በልጅነቴ ስለቅም የኖርኩት ነገር ነውና አልጠፋኝም።

«ባባ ያውቃል» አልኩት።

«የፊቱን ሳህን በቅጡ አያይም፣ ይሄን ያያል?» አለኝ። ከዚያ ድምፁ ሰለለ። «ሌላ ምን ላድርግ? አንቺ ንገሪኝ።»

 ጥይት ቢመልስለት ሰው ይሞታል፤ ባይመልስለት አባቱ ይሞታል።

ይዞለት ገባ። ወዳጁም መጥቶ ነበር፤ እኔ ሻይ ይዤ ተከተልኩ። «አባቴ፣ አጥፍቻለሁ፤ መልሼልሃለሁ» አለ ልጁና ሽጉጡን ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። የሸይባው ፊት በራ። ክቡን ብረት ከፈተ፣ ወደ መስኮቱ አዞረው፣ በቅርብ አየው፤ ዓይኑ እንዳልያዘለት ያስታውቃል። ያኔ አውራ ጣቱን አነሣና በቀለሆቹ ቂጥ ላይ ዳበሰ። አንዱን። ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ጣቱ ቆመ።

 ፊቱ ላይ ያለው ብርሃን እንዴት እንደጠፋ አይቻለሁ። በዚያች ቅጽበት አእምሮው ከማንኛችንም የጠራ ነበር፤ የሆነውን ሁሉ ተረድቷል። ልጁ ከፊቱ ተንበርክኮ እንደ ፈተና ውጤት ጠባቂ አፍ አፉን ያያል።

ሸይባው ክቡን ብረት ቀስ ብሎ ዘጋው። «አላህ ይባርክህ፣ ልጄ» አለ። «አሁን ምሳዬን አምጡልኝ።»

ወዳጁ ሊያስቀው ብሎ፣ «እንግዲህ ታላቅ ነው ልትለን ነው?» አለው።

«ታላቅ ነው» አለ ሸይባው። «ዛሬም አልዋሸኝም።»

ልጁ በደስታ ሳቀ፤ ትርጉሙ አልገባውም። እኔ ምግቡን ላመጣ ነው ብዬ ወጥቼ ወጥ ቤት ውስጥ አለቀስኩ።

ሁለቱም ከሄዱ በኋላ ጠራኝ። «አይተሻል» አለኝ።

«እኔ ምን አይቼ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አልኩት፤ የእኛን አባባል ወደ ዐረብኛ መልሼ። ፈገግ አለ።

«ለልጄ እንዳትነግሪው» አለኝ። «ለእኔም ይፈራል፣ እኔንም ይፈራል። አንዱ እንኳ ይቅለልለት።»

ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ያየሁት ግን እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላዋል። ልጁ በመጣ ቁጥር ሸይባው ያንን ባዶ ሽጉጥ እንደጎረሰ አድርጎ ይይዘዋል። አፈሙዙን ወደ መሬት ያደርጋል፣ ምላጩ ላይ ጣት አያሳርፍም። የልጅ ልጆቹ ሊነኩት ሲመጡ «ራቁ! ጥይት አለው» ብሎ ይቆጣል፤ ልጁም አባቱ ደህና ስለመሰለው ፊቱ ይፈታል። ልጅ አባቱን አታለልኩ ብሎ ያስባል፣ አባት ልጁን ያታልላል፣ እኔ መሀል ቆሜ ሻይ እቀዳለሁ። ስለ ታላቅነት ዕድሜ ልኩን የተከራከረ ሰው፣ ታላቁ ነገር እዚያች ጣቱ ላይ እንደነበረ አያውቅም። ሽጉጡማ ሽጉጥ ነው። ወዳጁ ልክ ነበር፤ በየዘበኛው ወገብ ያለ ብረት።

እያደር ማስመሰሉም አቃተው። ወዳጁ ጉልበቱን ታሞ መምጣት ተወ። ሸይባው እኔን በሚስቱ ስም መጥራት ጀመረ፤ ሽጉጡን ሳያነሣው ቀናት ያልፋሉ። በመጨረሻው ዓመት አንድ ጁምዓ ቀን ልጁ ከመሳቢያው አውጥቶ እጁ ላይ አስቀመጠለት። «አባቴ፣ ይሄን ታውቀዋለህ?»

ሸይባው አገላብጦ አየው። «ማሻአላህ» አለ በትሕትና፣ እንግዳ ቤት ሄዶ ዕቃ እንዳሳዩት ሰው። «ጥሩ ነገር ነው። የማን ነው?» ከዚያ አፈሙዙን ወደ ራሱ፣ እጀታውን ወደ ልጁ አዙሮ መለሰለት፤ የወታደር እጁ ያንን አልረሳም። «ተጠቀምበት፣ አላህ ክፉ ቀን አያሳይህ» አለው። ልጁ ተቀብሎ ወጣ፤ መኪናው ውስጥ ሞተር ሳያስነሣ ብዙ ተቀመጠ።

ሸይባው ከረመዳን በፊት ሞተ። በእኛ አገር ወታደር ሲሞት መሣሪያው ወጥቶ ይታያል፣ አልቃሽ ጀግንነቱን እየጠራች ታስለቅሳለች። እዚያ ግን ጮኾ ማልቀስ ነውር ነው፤ ሰው ይመጣል፣ ቁርኣን ይነበባል፣ ቴምር ይቀመሳል፣ ኸላስ። እኔ ሸይባዬን መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውኃውን ከፍቼ፣ ፎጣ ነክሼ በአማርኛ አለቀስኩለት። አውራ ጣቱን እየጠራሁ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ልጁ ሽጉጡን ለመንግሥት ሊያስረክብ ወሰደው። ሲመለስ በቀጥታ ወጥ ቤት መጣ፤ እኔ ሩዝ እያጠብኩ ነበር። በሩ ላይ ቆመ።

«የተረከበኝ ሰውዬ ቀለሆቹን ገና ሲነካቸው ሳቀ» አለኝ። «‹የተተኮሱ ናቸው፤ ማየትም አያስፈልግ፣ በጣት ይታወቃል› አለኝ። አባቴ አርባ ዓመት ወታደር ነበር።»

ሩዙን ማጠብ ቀጠልኩ።

«አባቴ ያውቅ ነበር? እንዳዋረድኩት እያወቀ ነው የሞተው?»

«ኧረ አያውቅም» አልኩት።

«አንቺ ያን ቀን ‹ያውቃል› ብለሽኝ ነበር።»

«ተሳስቼ ነው። ደስ ብሎት ነው የበላው፤ አይተኸዋል።»

አላመነኝም። ሁልጊዜ «አንቺ ልጅ» የሚለኝ ሰውዬ፣ «እህቴ» አለኝ፣ «ወላሂ በዪ።»

በአላህ ስም በሐሰት መማል እኔ ባደግኩበት ቤት ከስርቆት ይብሳል። አባቴ ለተሰረቀበት በሬ እንኳ ማልልን ሲሉት በሬውን ትቶ የመጣ ሰው ነው። ልጁን አየሁት፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ጺሙ አልተበጠረም። ከዚያች ቃል በስተቀር የሚያሳድረው አልነበረም።

«ወላሂ» አልኩት። «ወላሂ አያውቅም ነበር።»

ግንባሩን የበሩ መቃን ላይ ደግፎ እየተንሰቀሰቀ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ታጥቦ፣ ቀለል ብሎት ሄደ።

በማግስቱ ጾም ያዝኩ፤ መሐላ ያፈረሰ ሰው እንደሚጾመው ሦስት ቀን። በሐሰት ለማለ ይበቃል አይበቃም፣ የሚያውቅ ሰው ለመጠየቅ ፈራሁ። በሁለተኛው ቀን ልጁ ምሳ ገዝቶልኝ መጣ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም ነበር። ጾመኛ ነኝ አልኩት።

«ረመዳን ገና ነው» አለ ግራ ገብቶት። «ለምንድን ነው የምትጾሚው?»

«ለባባ ነው» አልኩት። ይሄኛው እንኳ ውሸት አልነበረም።