ተመስገን ከአስር ስንት ነው?

አቃቂ በሚገኝ የልብስ ፋብሪካ ሰባት ዓመት ስሰፋ፣ አምስቱን ዓመት ራስ ምታቴ አብሮኝ ሠርቷል። ከአንገቴ ይነሳና ቀኝ ዓይኔ ላይ ሲደርስ ይሰፍራል። ጠዋት አንድ ክኒን፣ ከምሳ በኋላ አንድ፣ ሰርቪስ ውስጥ ደግሞ አንድ ለመንገዱ። ዘንድሮ ግን ስፌቴ ይጣመም ጀመር። አለቃዬ "ወይ ታክመሽ ነይ፣ ወይ ወደ ማሸጊያ ትዛወሪያለሽ" አለችኝ። ማሸጊያ ቀኑን ሙሉ ካርቶን መለጠፍ ነው። እኔ ደግሞ የስፌት መኪናዬን እወዳታለሁ፤ ሌላ ሴት ስትሰፋባት ማየት ሞቴ ነበር።

በተላክሁበት ሆስፒታል የቆየ ሕመምን የሚያክሙት ሦስት ባለሙያዎች አንድ ላይ ሆነው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፤ ራሴን ተካፈሉት። ሐኪሙ በየቀኑ የምውጠው ክኒን ራሱ ራስ ምታት እንደሚያመጣ ነግሮኝ ቀስ በቀስ አስቀነሰኝ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው አንገቴን የማፍታታበትን እንቅስቃሴ አስተማረኝ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ደብተር ሰጥታኝ "ምን ያህል እንዳመመዎት በየቀኑ ይጻፉ" አለችኝ።

ጻፍኩ፤ አንድም ቀን አልዘለልኩም። በወሩ ከባለቤቴ ጋር ሄጄ ሦስቱም በተቀመጡበት በኩራት አስረከብኩ። ሐኪሙ ጮክ ብሎ አነበበ።

"ሰኞ፣ ተመስገን። ማክሰኞ፣ ተመስገን ነው። ረቡዕ፣ እሱ ይመስገን።" እስከ መጨረሻው ገጽ ገለጠ። "እንግዲያው ድነዋል። ፋይልዎን እንዝጋው።"

"ኧረ እያመመኝ ነው!" ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ።

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

እንዴት ነሽ ስባል እናቴ ቤት ሌላ መልስ አልተማርኩም። አመመኝ ማለት ማማረር ነው፤ ማማረር ደግሞ ነውር ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሳቋን እንደምንም ዋጥ አድርጋ "እሺ፣ ተመስገን ከአስር ስንት ነው?" አለችኝ።

እኔ ሳሰላስል ባለቤቴ ደብተሩን ወሰደው። የኮዬ ፈጬ መስመር አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የዕለት ንግግሩን ትራፊክ ላይ ስለሚጨርስ ከሰው ፊት ዝምተኛ ነው። ጣቱን ባለፈው ሳምንት ላይ አሳረፈ።

"ሰኞ ሦስት ትሆናለች፤ እራት ስትሠራ ታንጎራጉር ነበር። ማክሰኞ ስምንት ነው፤ ሻሿን ግጥም አድርጋ አስራ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ረቡዕ ዘጠኝ።"

"ረቡዕን በምን አወቁ?"

"ልጆቹን አልተቆጣችም።"

ሦስቱም በሳቅ ፈነዱ። እኔ ግን ፊቴ ጋለ፤ አምስት ዓመት ሙሉ የደበቅኩት መስሎኝ ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ቁጥሮቹን አይቶ፣ በየቀኑ እንዴት እንደሰፋሁ ከጠየቀኝ በኋላ፣ የባሱት ቀናት ሳልነሳ የምሰፋባቸው እንደሆኑ ለየ። ፋይሌ አልተዘጋም፤ በየሰዓቱ እንድነሳ ለአለቃዬ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ዛሬ ስፌቴ ቀጥ ብሏል፣ መኪናዬም የኔው ናት። ራስ ምታቱ አልፎ አልፎ ይመጣል።

ያን ቀን ግን ከሆስፒታሉ እንደወጣን ቃሊቲ ታክሲ ስንጠብቅ ባለቤቴ ላይ ተናደድኩ።

"ይህን ሁሉ እያወቅህ ለምን አልጠየቅኸኝም?"

"በየማታው እጠይቅሽ ነበር" አለኝ። "ተመስገን ስትይኝ ምን ልጨምር?"

ታክሲው ሲመጣ ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩና "አሞኛል" አልኩት።

"ስንት?"

"አምስት።"

"በቃ፣ እራቱን እኔ እሠራለሁ" አለኝ። የሚችለው እንቁላል ጥብስ ብቻ ነው፤ እሱንም ጨው አበዛበት። ሳህኑን ጠርጌ በላሁለት።