ጋሽ ሙሉሰው የልቡና ሐኪም ሲገዙ

ከንፋስ ስልክ ወደ ላፍቶ እርሻዎች በሚወርደው የጭቃ መንገድ ዳር ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ጋሽ ሙሉሰው ለሃያ ሁለት ዓመት ዕቃ ገዥም ዕቃ ቤት ጠባቂም ሆነው ሠርተዋል። በዚህ መሐል ንጉሡ ወርደዋል፣ ደርግ ወጥቷል፣ የትምህርት ቤቱ ስም ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ከጋሽ ሙሉሰው ዕቃ ቤት ግን አንዲት ጠመኔ ጎድላ አታውቅም። ክረምት ሲገባ ግቢው ውስጥ የሚያቁረውን ውሃ እያዩ "ይሄ ደግሞ በማን ፊርማ ነው የገባው?" ብለው ይቆጣሉ እየተባለ ይወራባቸው ነበር። የሰፈር ወሬ ነው፤ ሰውየውን ለሚያውቅ ግን ውሸት ነው ብሎ ለመማል ያስቸግራል።

ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ያሳደጓት አንዲት ልጅ አለቻቸው። ውዳሴ ትባላለች። አሥር ዓመቷ ነው፣ አራተኛ ክፍል ናት፤ በቁመት ከክፍሏ መጨረሻ፣ በማርክ መጀመሪያ።

ይህች ልጅ ናት እንግዲህ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ሲገባ፣ መሳቅ የጀመረችው።

ልጅ ሳቀች ተብሎ ወሬ ይሆናል እንዴ ትሉኝ ይሆናል። የሳቀችው ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ነዋ! ያውም በጓድ መኩሪያ ፊት። ጓድ መኩሪያ የቀበሌው ካድሬ፣ የትምህርት ቤቱም ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። በየጠዋቱ ከሰልፉ ፊት ይቆምና ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ሰማይ እየወረወረ መፈክር ያሰማል። ድምፁ ንፋስ ስልክ ላይ ተነሥቶ ቃሊቲ ያለ በሬ ያስደነብራል። "ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!" ሲል ስምንት መቶ ተማሪ "ይውደም!" ብሎ ይቀበለዋል። ከፊተኛው ረድፍ ደግሞ አንዲት ቀጭን ድምፅ "ኪ ኪ ኪ" ትላለች።

የመጀመሪያ ቀን ሳል ነው ተባለ። በሁለተኛው ቀን ትንታ ነው ተባለ። በአምስተኛው ቀን ተማሪው ሁሉ ከመፈክሩ ይልቅ ሳቁን መጠበቅ ጀመረ። ጓድ መኩሪያ ልጅቱን ከሰልፉ አወጣት።

"ኢምፔሪያሊዝም የሚያስቅ ነገር አለው?"

"የለውም ጓድ።"

"ታዲያ መውደሙ ነው የሚያስቅሽ?"

"ኧረ አይደለም ጓድ።"

"እና ምንድን ነው?"

ውዳሴ ከንፈሯን ገጥማ ዝም አለች። መምህሯ ጠየቋት፣ ዝም። አባቷ ማታም ጠዋትም ጠየቋት፣ ዝም። ኮሚቴው ተሰብስቦ ወሰነ፦ የሳቋ መንስኤ እስከሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ድረስ በባለሙያ ካልተረጋገጠ፣ ውዳሴ ሙሉሰው ከመዝገብ ትሰረዝ፤ ሌላ ትምህርት ቤትም እንዳይቀበላት ደብዳቤ ይጻፍባት።

ጋሽ ሙሉሰው ውሳኔውን ሲሰሙ እጃቸው ላይ የነበረውን የጠመኔ ካርቶን ለቀቁት። ጠመኔ ሲሰበርባቸው ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ኤሌኒ ደግ ሴት ናቸው። ፋይላቸውን ሲያገላብጡ ውለው አንድ አቧራ የበላው ሰርኩላር ይዘው ዕቃ ቤት መጡ።

"ጋሽ ሙሉሰው፣ ተገኘ! ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው ከውጭ ሙያዊ እገዛ መግዛት ይችላሉ ይላል። የልቡና ሐኪም እንግዛ። ዩኒቨርሲቲ አንድ ልጅ አለ፣ እስጢፋኖስ የሚባል፣ የሕፃናትን ጠባይ ነው ያጠናው። አሁኑኑ ሄደው ያምጡት።"

"ሌሎቹ ሁለቱስ?"

"የምን ሁለቱ?"

"ያለ ሦስት ፕሮፎርማ ግዥ የለም።"

"እኔ የማውቀው የልቡና ሐኪም አንድ ነው ጋሽ ሙሉሰው! ደግሞ የርስዎ ልጅ እኮ ናት!"

"ለዚያ ነዋ!" አሉ ጋሽ ሙሉሰው። "ለልጁ ሲሆን ደንብ ጣሰ እንድባል ነው? እሱን ምክንያት አድርገው ጨርሰው ይሰርዙብኛል።"

እንግዲህ ሁለት ተወዳዳሪ ፍለጋ ወጡ። ጎፋ ሄደው ፀጉር አስተካካዩን ጌቱን ለመኑት፤ ሰው ሁሉ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉዱን ስለሚዘከዝክ ከሐኪም አይተናነስም ብለው ነው። ጌቱ ፕሮፎርማውን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "የሕፃናት ልብ ማነጋገር፣ ከፀጉር ቆረጣ ጋር። መላጨት ከተፈለገ በስምምነት።" ሦስተኛውን የሰጧቸው ጡረተኛው አምሳ አለቃ ሮበሌ ናቸው። የሳቸው አጭር ነበር፦ "ሳቅ ማስቆም። በነፍስ ወከፍ። ዋስትና ስድስት ወር። ለአብዮቱ ሲባል በነፃ።"

በነፃ! ጋሽ ሙሉሰው ይህን ሲያነቡ ላብ አጠመቃቸው። ደንቡ ባነሰ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል ይላላ! አምሳ አለቃ ሮበሌ ደግሞ በዘመናቸው አንድ ሙሉ ሻምበል ጦር ለሁለት ዓመት ፈገግ እንዳይል አድርገዋል የሚባሉ ሰው ናቸው። ጋሽ ሙሉሰው ልጃቸውን በገዛ ፕሮፎርማቸው ሊያስበሏት ነው።

ደግነቱ ደንብ የሚያውቅ ሰው መውጫውንም ያውቃል። "ከግዥ በፊት ሙከራ" የሚል አንቀጽ አገኙ። ለሙከራ የቀረበው ዘበኛው በንቲ ነው። አምሳ አለቃ ሮበሌ ፊቱ ቆመው "አትሳቅ!" ብለው ጮሁ። በንቲ ከዚያ በፊት የመሳቅ ሐሳብም አልነበረውም፤ ይህን ሲሰማ ግን ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። አምሳ አለቃው በጮሁ ቁጥር ይብስበታል። በሰው ተደግፎ ወደ ጥላ ተወሰደ። ቀጥሎ ጌቱ ልብ እንዲያነጋግር ተጋበዘ፤ ስለ ራሱ ትዳር ሁለት ሰዓት ሙሉ አውርቶ የበንቲን ስም እንኳ ሳይጠይቅ ሄደ። እስጢፋኖስ አሸነፈ።

ሐሙስ ጠዋት አሸናፊው መጣ። ቀጭን፣ ባለመነጽር፣ እስከ ጉልበቱ የበልግ ጭቃ የለበሰ ወጣት ነው። በንቲ በሩ ላይ አስቆመው፤ ትምህርት ቤቱ የገዛው ነገር በርክክብ ኮሚቴ ሳይታይ አይገባማ። ወይዘሮ ኤሌኒ፣ ጋሽ ሙሉሰውና ጓድ መኩሪያ ዕቃ ቤት ውስጥ ሆነው ዞረው ዞረው አዩት።

"ስብራት የለውም፣" አሉ ጋሽ ሙሉሰው እየጻፉ። "መነጽሩ አብሮ የመጣ ነው። አሁን ቋሚ ዕቃ ነው ወይስ አላቂ?"

"ምን ልዩነት አለው?" አለ እስጢፋኖስ።

"ቋሚ ከሆንክ ቁጥር ይጻፍብሃል።"

"የት ላይ?"

"ወንበርና ጠረጴዛ ሲሆን ከበስተሥሩ ነው በቀለም የምንጽፈው።"

እስጢፋኖስ ቀበቶውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። "አላቂ ነኝ ጋሼ፣" አለ። "ቶሎ ነው የማልቀው። እናቴም ትለኛለች።"

ጓድ መኩሪያ ሰው አላቂ ሊባል አይገባውም ብሎ ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ሰው ልጅ ክብር ንግግር አደረገ። ሲያበቃም አላቂ በሚለው ላይ ፈረመ። እስጢፋኖስ በጠመኔና በሳሙና መካከል ተመዘገበ፤ ውዳሴም ፈርማ ተረከበችው።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አብረው ዋሉ። ሥዕል አሣላት፣ እንቆቅልሽ ጠየቃት፣ ተረት አስነገራት። ሁሉንም ስታደርግ ዋለች፤ ስለ ሳቁ ሲጠይቃት ብቻ ዝም። አመሻሽ ላይ መነጽሩን እየጠረገ "እሺ ውዳሴ፣ አትንገሪኝ። የምትቆሚበትን ቦታ ብቻ አሳዪኝ፣" አላት። አሳየችው።

ዓርብ ጠዋት ውዳሴ ከአባቷ ጋር ዕቃ ቤት ቆየች። እስጢፋኖስ ሄዶ በቦታዋ ቆመ። ከዚያ ቁመቱን በቁመቷ ልክ ለማድረግ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ወይዘሮ ኤሌኒ "ምርመራ ላይ ነው፣" እያሉ መምህራኑን አረጋጉ። ጓድ መኩሪያ ፊት ለፊቱ ቆሞ ደረቱን ነፋ።

"ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!"

"ይውደም!" አለ ስምንት መቶ ተማሪ።

እስጢፋኖስ ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባ ጀምሮ አጠራቅሞት የነበረውን ሳቅ በሙሉ እዚያው ዘረገፈው። መነጽሩ ወደቀ። ጭቃውን በመዳፉ እየደበደበ ሳቀ። ጋሽ ሙሉሰው በዕቃ ቤቱ መስኮት ይህን አይተው ጭንቅላታቸውን ያዙ። "አለቀልን!" አሉ። "የገዛሁት ዕቃ በሁለተኛ ቀኑ ተበላሸ!"

ወይዘሮ ኤሌኒ እየጎተቱ አምጥተው ዕቃ ቤት ጣሉት። ትንፋሹ እስኪመለስ ውሃ ተሰጠው።

"ጋሼ፣" አለ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ጓድ መኩሪያ ከጃኬቱ ሥር የለበሰው ካናቴራ ከእርዳታ ዱቄት ከረጢት የተሰፋ ነው። እምብርቱ ላይ የአሜሪካ ባንዲራ አለ፤ ከሥሩ ሁለት እጆች ይጨባበጣሉ። ኢምፔሪያሊዝም ይውደም ብሎ እጁን ሲያነሣ ጃኬቱ አብሮ ይነሣል። እጆቹ ብቅ ይሉና ሰላም ብለው ተመልሰው ይገባሉ። ከዚያች ቦታ፣ በዚያ ቁመት ካልሆነ አይታይም።"

በዚያ የድርቅና የእርዳታ ዓመት የከረጢት ጨርቅ ያልለበሰ ብርቅ ነበር፤ ጠንካራ ነው፣ ታጥቦም አይለቅም። ግን የካድሬ እምብርት ላይ? ጋሽ ሙሉሰው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"አይተሽ ነው ዝም ያልሽኝ?"

"ብናገር ያስሩታል አባዬ፣" አለች ውዳሴ። "ጸሐይወርቅ የሱ ልጅ ናት። ከኔ ጋር ነው የምትቀመጠው። አባቷ ከታሰረ ማን ያመጣታል?"

ጋሽ ሙሉሰው የጠመኔው ካርቶን ላይ ዝርፍጥ አሉ። እውነቱ ቢጻፍ ሰውየው ያልቅለታል፤ ባይጻፍ ልጃቸው ትሰረዛለች። ደግሞስ ይህችን ልጅ እንዲህ አድርጎ ያሳደጋት ማን ነው? እሳቸው መሆናቸው ትዝ ሲላቸው አፍንጫቸውን በመሀረባቸው ጠረጉ።

ቅዳሜ ኮሚቴው ተቀመጠ። እስጢፋኖስ ቆሞ ሪፖርቱን አነበበ፦ "ተማሪዋ ፍጹም ጤነኛ ናት። ሳቁ የሚመጣው ከምትቆምበት ቦታ ስለሆነ ወደ መጨረሻው ረድፍ ትዛወር።"

"ከቦታው?" አለ ጓድ መኩሪያ። "ቦታው ምን ሆነ? ከፊቷ የምቆመው እኮ እኔ ነኝ!"

"አዎ ጓድ፣" አለ እስጢፋኖስ።

"ይሄ ሪፖርት አይባልም! መንስኤው በዝርዝር ይጻፍ! ካልተጻፈ ልጅቱ አሁኑኑ ትሰረዛለች።" መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበ፣ ብዕሩንም ከፈተ።

ጋሽ ሙሉሰው ከኋላ ወንበር ተነሡ።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ አንዲት የአሠራር ጥያቄ አለችኝ።"

"ቀጥል ጓድ ሙሉሰው።"

"መንስኤው በዝርዝር ከተጻፈ ሪፖርቱ በአራት ኮፒ ይባዛል። አንዱ ለቀበሌ፣ አንዱ ከሱ በላይ ላለው ለከፍተኛው፣ አንዱ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ አንዱ ለፓርቲው።"

"ይባዛ! ምን ችግር አለው?"

"ችግር የለውም። ግን ባለሙያው ያየው ነገር ናሙናም አብሮ ይያያዛል።"

"ይያያዝ አልኩ እኮ!"

"እሱን ለማያያዝ..." ጋሽ ሙሉሰው የጓድ መኩሪያን ጃኬት አዩ። "ጓድ፣ ካናቴራዎን ማውለቅ ሊኖርብዎት ነው።"

ወይዘሮ ኤሌኒ ጣሪያውን ማጥናት ጀመሩ። የጓድ መኩሪያ ቀኝ እጅ ቀስ እያለ፣ ሌላ ሰው የሚያዘው ይመስል፣ ወደ ሆዱ ሄደ። ዳሰስ አደረገ። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አመድ መሰለ። ጋሽ ሙሉሰውን አያቸው። እሳቸውም አዩት፤ ዓይናቸው ላይ ግን ዛቻ የለም፣ ልመና ነው ያለው።

"ሪፖርቱን አሁን ደግሜ ሳስበው፣" አለ ጓድ መኩሪያ ብዕሩን እየከደነ፣ "በጣም ሳይንሳዊ ነው። ሳይንስ ደግሞ ዝርዝር አይወድም። ልጅቱ ትማር፣ ወደ ኋላ ትሰለፍ። ተቃውሞ ያለው? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!"

እስጢፋኖስ ያኔውኑ ጭቃውን እየዘለለ ወደ አውቶቡሱ ሮጠ። በመዝገቡ ላይ ከስሙ ትይዩ "ለተገዛበት ሥራ ውሎ አልቋል" ተብሎ ተጻፈ፤ በንቲም በሩን ከፈተለት።

ሰኞ ጠዋት ውዳሴ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ከፊቷ ካለው የጀርባ ብዛት ሰማዩ እንኳ አይታያትም። ጓድ መኩሪያ ግራ እጁን ወረወረ፤ በቀኙ ደግሞ ጃኬቱን ሆዱ ላይ ጥርቅም አድርጎ ያዘ። የፊተኛው ረድፍ ተማሪዎች እርስ በርስ ተያዩ። አዲስ መመሪያ መውረዱ ነው ብለው እነሱም ግራቸውን አንሥተው በቀኛቸው ሆዳቸውን ያዙ። ሁለተኛው ረድፍ ተከተለ። ማክሰኞ መምህራኑም ያዙ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የቀበሌው ስብሰባ በሙሉ ሆዱን ይዞ መፈክር ማሰማት ጀመረ። ከከፍተኛው የመጣ ተቆጣጣሪ የቀኝ እጁ ትርጉም ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ጓድ መኩሪያ ዓይኑን ሳያሽ "ሰፊው ሕዝብ ሆዱን ለአብዮቱ ማስገዛቱን ያመለክታል፣" አለ። ተቆጣጣሪው ማስታወሻው ላይ ጽፎ፣ ሲወጣ እሱም ሆዱን ይዞ ተሰናበተ።

ውዳሴ ከኋላ ሆና ይህን ሁሉ ሰው ሆዱን ይዞ ሲጮህ ታያለች። ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ጫማዋን ታያለች፣ የማባዛት ሠንጠረዥ ከሰባት ጀምራ ትቆጥራለች። ግቢው ውስጥ አንድም ቀን አልሳቀችም፤ በዓመቱ መጨረሻም አንደኛ ወጥታ ወደ አምስተኛ ተዛወረች።

ቤት ሲገቡ ግን ጋሽ ሙሉሰው በሩን ይዘጋሉ፣ መስኮቱንም ይዘጋሉ፤ ኮታቸውን አውልቀው ሚስማር ላይ ይሰቅሉና ፊት ለፊቷ ይቀመጣሉ።

"በይ እንግዲህ፣" ይሏታል፣ "አሁን ሳቂ።"