የቀን ሹም

ጋሽ ጥላዬ ባንዳ ነበር ትላላችሁ? እሺ፣ ይሁን። ግን ማን እንደሾመው ታውቃላችሁ? ጣልያን ነው እንዳትሉኝ፤ እኔ ነኝ። ሳቁ፣ ግድ የለኝም። ባለፈው ቅዳሜ ሮቢት ጠጅ ቤት ውስጥም እንዲሁ ሳቁብኝ። ነገሩ የተነሳው የጋሽ ጥላዬ ልጅ ሽማግሌ ልኮ፣ የልጅቷ አባት «ለባንዳ ልጅ አልሰጥም» ብሎ መለሳቸው ስለተባለ ነው። ብርሌዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። ጯሂ ስለበዛ እዚያ ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው።

ጋሽ ጥላዬ ደገኛ ነው፣ ከደብረ ሲና በላይ። እኛ ዘንድ ቆላው ላይ ከአባቱ የወረሰው የማሽላ መሬት ነበረው። ጣልያን አገሩን በያዘ ጊዜ አንድ ቀን በመሬቱ ክርክር ኖሮበት፣ ትልቅ ሰው ለመምሰል ጥቁር ካባ ደርቦ ወረደ። በሮቢት ሙቀት ካባ። ላቡ ከጢሙ ጫፍ ይንጠባጠባል። ገበያው ዳር ዋርካ ስር ቆመን ስንስቅበት የጣልያን ሹም በካሚዮን መጣ። አስተርጓሚው የት እንደቀረ እንጃ፤ ሰውየው ብቻውን «ካፖ፣ ካፖ» እያለ ይጮሃል። ኋላ ስንሰማ አለቃችሁ ማነው ማለቱ ኖሯል። ያን ጊዜ ግን ማን ያውቃል፤ ካባ ፈልጎ ነው አልን። ካባ ያለው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ጉልበቴ ያኔ ወይፈን ይጥል ነበር፤ ጋሽ ጥላዬን ከጀርባው ገፍቼ ፊት ለፊቱ አቆምኩት። ጣልያኑ ትከሻውን መታ መታ አደረገና ወረቀት ሰጠው። ሌላው ለሹመት ስንት ዓመት ደጅ ይጠናል፤ የእሱን እኔ በአንድ ግፊያ ጨረስኩት።

ሹመቱን ወደደው፣ አልዋሽም። በቅሎ ገዛ፣ ሲሄድ አሽከር አስከተለ። ማታ ግን ቆላ አያድርም። ደገኛ ቆላ ካደረ ንዳድ ይይዘዋል ስለሚባል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የበቅሎውን አፍ ወደ ዳገቱ ያዞራል። «የቀን ሹም» ያልነው ለዚህ ነው። ስሙን ያወጣሁትም እኔ ነኝ።

ከዚያ ጣልያን ጣርማ በር ላይ ለመኪና መንገድ ተራራውን ሊበሳ የጉልበት ሠራተኛ ፈለገ። ቀድመው ከሄዱት ውስጥ ድንጋይ ተንዶበት እዚያው የቀረ አለ። ጋሽ ጥላዬ መላ አመጣ፤ ካሚዮን ሲመጣ ጋቢ ተከናንበን እንድንንቀጠቀጥ። ለጣልያኑ «ሁሉም ንዳድ ይዞታል፤ ብትወስዳቸው ሌላውን ያስይዛሉ» ይለዋል። እንደኔ የሚንቀጠቀጥ አልነበረም። ጥርሴ ሲንገጫገጭ እናቴ እንኳ እውነት መስሏት ታለቅስ ነበር።

ሲደጋገም ጣልያኑ ጠረጠረ። ዶክተር አመጣለሁ፣ ውሸት ከሆነ አንተ ትሰቀላለህ፣ እነሱም ተራራውን ይበሳሉ አለው። እኛ ይጠፋል ብለን ጠበቅን። እሱ በቅሎውን ከአሽከሩ ጋር ወደ ደጋ ሰደደና፣ ሮቢ ወንዝ ዳር ሼህ እንድሪስ ቤት አደረ። በማግስቱም አደረ፤ በዚያው ሰነበተ። ሼህ እንድሪስ መሬቱን የሚያርሱለት ሽማግሌ ናቸው። ወሩ መስከረም ነው፤ ማሽላው ሰው ይውጣል፣ ውሃው ዳር ትንኙ ዓይን አያስገልጥም። ሥጋቸውን ስለማይበላ የማሽላ ቂጣ በእርጎ ይበላና ደጅ ላይ ደረቱን ገልጦ ይተኛል። እኔ አንዲት መበለት ወዶ ነው ብዬ አስወራሁ።

ሼሁ ግን ነገሩ አላማራቸውም። እኔው ፊት ነው የተናገሩት።

«ጋሽ ጥላዬ፣ አንቱ ደገኛ ነዎት። ይህ ወንዝ አያውቅዎትም።»

«እንዲያውቀኝ ነው የማድረው» አለ።

ዶክተሩ የመጣ ቀን ገበያው ሜዳ ላይ ተደርድረን ተጋደምን። ዶክተሩ ሊጀምር ጎንበስ ሲል ጋሽ ጥላዬ አስተርጓሚውን «በእኔ ይጀምር በለው» አለው። መቆም አቅቶት የዋርካውን ግንድ ይዞ ነበር። ዶክተሩ ግንባሩን ነካና እጁን ሰበሰበ። ዓይኑን ገለጠ፣ ጣፊያውን ተጫነ። ቀጥሎ እኔ ነበርኩ፤ ፀሐዩ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብሰኝ ስለዋለ እኔም አቃጠልኩት። ሌላውም እንዲሁ ነው ብሎ ሳይነካው ተወው። ካሚዮኑ ባዶውን ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያም ከኛ ሰፈር ሰው አልወሰዱም።

ጋሽ ጥላዬን በቃሬዛ ወደ አገሩ አወጣነው። ከፊት የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ዳገቱ ላይ ብርዱ ሲነካው ነቅቶ፣ ማንን ወሰዱ ብሎ ጠየቀኝ። «ማንንም» አልኩት። ቤቱ ሳንደርስ አረፈ።

እንግዲህ ወረቀቱን ተቀብሏል፣ በበቅሎውም ኮርቷል፤ ጀግና በሉት አላልኩም። ግን ለጋሽ ጥላዬ ልጅ ሴት ልጁን የነፈገው ሰውዬ፣ ዛሬ ጠጅ ቤት ለጠጅ ቤት «ጫካ ነበርኩ» እያለ የሚፎክረው፣ ያን ቀን ከኔ ቀጥሎ ተጋድሞ ነበር። ልጅቷ የተወለደችው በዓመቱ ነው። ውሸት ነው የምትሉ ሮቢት ውረዱና እዚያ ሜዳ ላይ ተኝቶ የነበረውን ማንንም ጠይቁ። ሲሻችሁ ከእሱ ከራሱ ጀምሩ፤ የትኛው ጫካ ነው በሉት።