ቡጢ በቡጢ ላይ

የባቡር ወርክሾፑ በእንፋሎቱ ዘመን ከተማውን ያንቀጠቅጥ ነበር። ከሁሉ የባሰው ቦይለር ክፍል ነው፤ የጋለው ምስማር ሲቀጠቀጥ አጠገብ ያለ ሰው እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ሠራተኞቹ በእጅ ያወሩ ነበር። መዳፍን ወደ ፊት መዘርጋት «ቆይ» ነው። ቡጢን በቡጢ ላይ ማሳረፍ ደግሞ «ገጥሟል፣ አይላቀቅም» ማለት ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና እዚያ ቤት አልነበረም።

የናፍጣ ባቡር መጥቶ ክፍሉ ሲዘጋ፣ መዶሻ የሚሏቸው ሰውዬ ጆሯቸውን እዚያው ትተው ጡረታ ወጡ። ድምፃቸው ግን አብሯቸው መጣ። እራት ላይ ጨው አቀብሉኝ ሲሉ ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል።

እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚያዩዋት አንዲት ልጅ አለቻቸው። አንድ ቀን የወዳጇ አባት፣ ልብስ ሰፊው፣ ለልጃቸው ሊጠይቋት መጡ። ልብስ ሰፊው ደግሞ ሲያወሩ ድምፃቸው ለራሳቸውም የሚሰማ አይመስልም። የመዶሻ ሚስት አስቀድማ፣ «አደራህን፣ አፍህን እንዳትከፍት፤ ሰውየውን ታስደነግጥብኛለህ» ብላ ነበር።

መዶሻም ቃላቸውን ጠበቁ። እንግዳው አንሾካሹከው ሲጨርሱ ሚስታቸው በክርኗ ጎሸም አደረገቻቸው። ደስታው አላስችል አላቸው። ብድግ ብለው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ቡጢያቸውን በቡጢያቸው ላይ ጧ አደረጉት።

ልብስ ሰፊው ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያነሱ ውልቅ አሉ። ከኋላ ቢጠሯቸውም አልቆሙም። ከሰዓት በኋላ፣ ከተደባዳቢ ቤት ሙሽራ አናመጣም የሚል መልእክት ደረሰ። ልጅቷ በሯን ዘግታ አለቀሰች። እናቷ ባሏን፣ ዝም በል እንጂ ተደባደብ መቼ አልኩህ እያለች ስትነዘንዝ አመሸች፤ እሳቸው ግን ቃሏ አልተሰማቸውም፤ የሚታያቸው የልጃቸው ፊት ብቻ ነበር።

በማግስቱ መዶሻ ባርኔጣውን ይዘው የልብስ ሰፊው ሱቅ በር ላይ ቆሙ። ልብስ ሰፊው የደንበኛ ሱሪ እየለኩ፣ ስፒል በጥርሳቸው ነክሰው ነበር። ሲያዩዋቸው ከስፌት መኪናው ጀርባ ተከለሉ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ!» አሉ መዶሻ ቡጢያቸውን አጋጥመው። «ይሄ ማለት አይላቀቅም ማለት ነው!»

የመንገዱ መስኮት ሁሉ ተከፈተ። ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ምላጩን አንሥቶ ቆመ። ልብስ ሰፊውን ስፒሉ መናገር ከለከላቸው፤ ቢናገሩም የሚሰማቸው የለም። ትንሽ አሰቡና ሜትራቸውን አስቀምጠው፣ አንዱን ቡጢ በሌላው ላይ በቀስታ አሳረፉ።

የመዶሻ ዓይን እንባ አቀረረ። ቢሆንም የሥራ ነገር ነውና ራሳቸውን ወዘወዙ።

«ጠበቅ ያድርጉት እንጂ» አሉ፣ «ልጄ እኮ ናት።»