እህቴ ያንኳኳችው መኪና

እህቴን በሠፈራችን በስሟ የሚጠራት የለም፤ "አንኳኪዋ" ነው የሚሏት። ሲያሾፉባት ነበር የጀመሩት፣ እያደር ግን የክብር ስም ሆኖ ቀረ። ዛፍ ከመቆረጡ በፊት በመጥረቢያዋ ጀርባ ሦስት ቦታ ትመታዋለች፤ አንዴ ከሥሩ፣ አንዴ ወገቧ ትይዩ፣ አንዴ እጇ እስከደረሰበት። ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች። "ጤነኛ ነው" ካለች ጤነኛ ነው። "ይሄ ውስጡ ባዶ ነው" ካለች፣ ከላይ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ ሲቆረጥ መሀሉ በስብሶ እንደ ዱቄት ይራገፋል። ልማዱ ከዛፍ አልፎ ሌላውንም ያዘ። ሐብሐብ ስትገዛ ታንኳኳለች፣ ማሰሮ ስትገዛ ታንኳኳለች። እኔ ከተማ ቤት የተከራየሁ ዕለት በሬን አንኳኩታ ስከፍትላት፣ እንደምን ዋልክ እንኳ ሳትል "ይሄ ሳንቃ ምስጥ ገብቶበታል" አለችኝ። እውነቷን ነበር።

የእንጨት ነጋዴው ይህን ያውቃል። ከሌላ ሰው ግንድ ሲገዛ አገላብጦ፣ መትቶ፣ ቅርፊቱን ልጦ ነው። ከእሷ ሲገዛ ግን የጭነት መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ "ስንት ነው?" ይላታል፣ ቁጥሩን ትነግረዋለች፣ ይጭናል። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ነው የሠሩት። በአካባቢያችን ካለ ሻጭ ሁሉ ዕቃዋ ሳይፈተሽ የምትሸጥ እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ይህን ነገር ከደኑ ከራሱ አብልጣ ነው የምትወደው።

ደኑ አባታችን ለሁለታችን የተወልን ነው። ለሁለታችን ይባል እንጂ ላቡ የእሷ ነው። በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ቶሎ ስለሞተች ያጠበችኝም፣ የገረፈችኝም፣ ትምህርት ቤት ያስገባችኝም እሷ ናት። ደብተሬም ጫማዬም ደኑ ካለበት ኮረብታ ላይ በትከሻዋ የወረደ እንጨት ነው። ተምሬስ ምን ሆንኩ? የተሽከርካሪ መዝገብ ቤት ጸሐፊ። የመኪና ፋይል እከፍታለሁ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክራለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ። ከመኪና የማውቀው ወረቀቱን ነው። ዘመድ ሁሉ ግን "እሱ መኪና ያውቃል" ይላል፣ እኔም ዝም። ዝም ብቻ ብል እንኳ ደግ ነበር፤ የሰው መኪና ኮፈን ተከፍቶ ሳይ ጠጋ ብዬ፣ አገጬን እየዳበስኩ "እህ" እላለሁ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእኔ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው፣ እህቴ ቢሮዬ ድረስ መጣች። የሁለት ዓመት ቆረጣ ኮረብታው ላይ ተከምሮ ነበር። ግንዱን የሚያወርድላት የኪራይ ትራክተር ወደ ሌላ አገር ሄዷል። ዝናብ ከጀመረ ወንዙ መሻገሪያውን ይዘጋዋል፣ ውጭ የከረመ ጥድ ደግሞ ይጠቁራል፣ ለሳንቃ አይሆንም። ሁለት ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው።

"ያገለገለ መኪና እንግዛ" አለችኝ። "ትንሽ ፒክአፕ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት። አንተ መኪና ታውቃለህ።"

"እትዬ፣ አንቺ ምን አደከመሽ፣ እኔ መርጬ አመጣዋለሁ" አልኳት።

"እኔ ደግሞ ደኑን አውቀዋለሁ። አብሬህ ልሂድ" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡበት ግቢ በር ላይ ጠበቀችኝ። ጭቃ የደረቀበት የላስቲክ ቦቲ፣ የሟች ባሏ ካፖርት፣ ወገቧ ላይ ገመድ፣ እጇ በዛፍ ሙጫ ጠቁሮ። አንድ ዱላም ይዛለች። ይሄ ደግሞ ምንድነው ስላት "የጉቶዎቼ ቁመት" አለች። ደናችን ውስጥ ዛፍ ሲቆረጥ የሚቀረው ጉቶ በእሷ ትእዛዝ ሁሉም አንድ ልክ ነው፤ ዱላውን በዚያ ልክ ቆርጣ አምጥታዋለች። ዱላው ቆሞ በመኪናው ሆድ ሥር ካለፈ መኪናው ጉቶ ላይ አይሰቀልም። ዛሬ ሳስበው፣ የዚያን ዕለት መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ያን ጊዜ ግን የታየኝ ቦቲዋና ዱላዋ ነው። እኔ ከረባት አድርጌ ነበር።

ሻጩ ገና ከሩቅ አወቀኝ። "አለቃ፣ ፋይላችንን ቶሎ ቶሎ እየጨረሱ ያኖሩን እርስዎ አይደሉ እንዴ" እያለ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። እኔ ልቤ አበጠ። ለአለቃ ወንበር አምጡ አለ። አንድ ወንበር መጣ። ማን ተቀመጠ? እኔው፣ ታናሽየው፣ እግሬን አነባብሬ።

ለእኛ የሚሆኑ ሁለት ፒክአፖች ነበሩት፣ ዋጋቸውም ያው። አንደኛው ቀለሙ የለቀቀ ነጭ ነው፤ በሩ የተጨፈለቀ፣ ወንበሩ የተቀደደ፣ ፋይሉ ምትክ ሊብሬ፣ አራት ባለቤት፣ ስርዝ ድልዝ። ሁለተኛው አረንጓዴ ነው፤ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል፣ አንድ ባለቤት ብቻ፣ ወረቀቱ እጥፋት እንኳ የለውም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ፋይል በሥራ ዘመኔ ሁለቴ ብቻ ነው ያየሁት። ልቤ እዚያው ቀረ።

እኔ ወረቀት ሳገላብጥ እህቴ ተንበርክካ ዱላዋን በነጩ ሥር ሰደደች፤ አለፈ። በአረንጓዴውም ሥር ሰደደች፤ አለፈ። ከዚያ ከካፖርቷ ኪስ ትንሽ መዶሻ አወጣችና የነጩን ሻንሲ፣ መኪናውን ሁሉ የሚሸከመውን ወፍራም ብረት፣ ከፊት እስከ ኋላ መታ መታ አደረገችው። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ወደ አረንጓዴው ዞረች። ከፊት መታችው፣ ደህና ነው። ከኋላ፣ ጭነቱ የሚያርፍበት ካሶኒ ሥር ስትመታው ድምፁ ታፈነ። እኔ እንኳ፣ ወረቀት ላይ ያፈጠጥኩት፣ መለየቱን ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም። እሷም ደግማ መታችና ጆሮዋን አስጠጋች።

ሻጩ ሳቀ፣ ሠራተኞቹም ተከትለው ሳቁ። "አለቃ፣ ሴትዮዋ ሐኪም ናቸው እንዴ? ትርታውን ነው የሚያዳምጡት?" አለኝ። ቀጥሎም "ለመሆኑ ምንዎ ናቸው?" አለ።

"እህቴ ናት" ማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? እኔ ግን ፋይሉን አጥፌ፣ ፈገግ ብዬ፣ "የደኑ ሠራተኛ ናት። ተዋት፣ ልማዷ ነው" አልኩ።

እህቴ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቃ ተንበርክካ ነበር። ጆሮዋ ምን ዓይነት ጆሮ እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። መዶሻውን ኪሷ ከተተች፣ ጉልበቷን አራገፈች። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ብታየኝ፣ ብትሰድበኝ፣ በዚያ ዱላ ጀርባዬን ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ሄዳ በሩ ጋ ቆመች። ሻጩ "እሺ አለቃ፣ የቱን ልጠቅልልልዎ?" ሲለኝ ዞር ብዬ "የቱ ይሻለናል?" ብዬ ልጠይቃት አልቻልኩም። ሠራተኛውን ለግዢ የሚያማክር የትኛው አለቃ ነው? በገዛ አፌ ታሰርኩ። አረንጓዴውን አልኩ።

ወደ ደኑ ስንሄድ፣ ድምፁ ስለታፈነበት ቦታ ልጠይቃት ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለቴም በጥያቄው ፈንታ ራዲዮውን ከፍ አደረግሁ። እሷ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ስንደርስ "እንኳን ደስ ያለን" አለችኝ። ሌላውን ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

የዓመት ዕረፍቴን ወስጄ እኔው እየነዳሁ ግንድ ማውረድ ጀመርን። መጀመሪያ ላይ "ግማሽ ብቻ ጫን" አለችኝ። ለምን እንደሆነ አላስረዳችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሦስት ጊዜ በግማሽ ጭነት ተመላለስን፣ ሦስቴም በሰላም ገባን። እኔም አበጥኩ። "እትዬ፣ ይሄ እኮ መኪና ነው፣ አህያ አይደለም" አልኳትና ለአራተኛው ጉዞ፣ እሷ ከላይ ግንድ ስትመርጥ፣ ተሸካሚዎቹን አፍ እስከ ገደፉ አስጫንኳቸው። ወርዳ አየችው። ከዚያ ጎማ ሥር የሚደረገውን ታኮ አነሳችና፣ መኪናው ወደ ኋላ ቢንሸራተት እንድታግደው፣ ከኋላችን በእግሯ ተከተለች።

ወንዙን ተሻግረን፣ ወደ መንገዱ የምታወጣዋን አጭር ዳገት ስንጀምር አንድ ድምፅ ሰማሁ። ያን ያህል ትልቅ አይደለም፤ ደረቅ ቅርንጫፍ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ወዲያው የመኪናው አፍንጫ ተነሳ፣ ካሶኒው ከኋላ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ገመዱ ተበጠሰና ግንዶቹ ቁልቁል ተለቀቁ። እህቴ ከኋላ ነበረች። እኔ መሪውን ጨብጬ ደርቄ ቀረሁ። መውረድ አልቻልኩም፣ ዞሮ ማየት አልቻልኩም።

በመስኮቱ መጣች። አንድ እጇ ከክርኗ እስከ አንጓዋ ተገሽልጦ ይደማል። "ደህና ነህ?" አለችኝ።

ወርጄ ከመኪናው ሥር ተሳብኩ። ሻንሲው ከካሶኒው ሥር ለሁለት ታጥፏል። ዝገት የበላውን ቦታ በጨርቅ ሞልተውት፣ ጨርቁን በስቱኮ ለስነውት፣ ላዩን ቆርቆሮ አልብሰው ጥቁር ቀብተውታል። ቁጥሩ ግን ከሊብሬው ጋር አንድ ፊደል አይለያይም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ እየተመኘሁ እዚያው ተጋድሜ ቆየሁ።

"እትዬ" አልኳት ስወጣ፤ "ሰምተሽው ነበር አይደል?"

"እጄን እሰርልኝ" አለች። በመሐረቤ አሰርኩላት።

በማግስቱ ጠዋት የእንጨት ነጋዴው በሦስቱ ጉዞ የወረደውን ሊጭን መጣ። መኪናውን አይቶ ዳገቷን ወረደ፣ ዞረው፣ በእግሩ ነካ አደረገው። አራቱ ተሸካሚዎች የተበተነውን ግንድ እየሰበሰቡ ነበር።

"ይሄን ሬሳ ማነው መርጦ ያመጣው?" አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ መኪና አዋቂው እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩ። ይሄን እንኳ ልመስክርላችሁ፣ ከፍቼ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች እህቴ። "እሱ ነጩን እንግዛ ብሎኝ ነበር። ይሄ ያምራል ብዬ ያስቸገርኩት እኔ ነኝ።"

ነጋዴው ወደ እሷ ዞረ። "አንኳኩተሽዋል?"

"አንኳኩቼዋለሁ።"

"ጤነኛ ነው አልሽ?"

"አዎ አልኩ" አለች።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ "በቃ አንኳኪዋ አረጀች" ብሎ ጓደኞቹን አሳቃቸው። ነጋዴው አልሳቀም። ቢስቅ ይሻል ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከና፣ ዓይኗን ሳያይ፣ "እንግዲህ አትቀየሚኝ፣ የዛሬውን አንድ በአንድ ልየው" አላት።

"ምን ችግር አለው" አለች።

እኔስ? "የለም፣ እሷ አይደለችም" ማለት ነበረብኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቆምኩ። እኔን ከአራት ተሸካሚና ከአንድ ነጋዴ ፊት ልታድን የአሥራ አራት ዓመት ቃሏን ስትጥለው አያለሁ፣ እኔም ደስ አለኝ። አዎ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ ተረፍኩ ብዬ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ይሄው ዓመት አለፈ፣ ነጋዴው አሁንም የእሷን ግንድ ሲገዛ ፈትሾ ነው፣ እኔም አሁንም አልተናገርኩም።

ያን ዕለት ነጋዴው ከጭነት መኪናው መዶሻ አምጥቶ መንገድ ዳር ከተደረደረው ግንድ ፊት ቆመ። የመጀመሪያውን መታና አዳመጠ።

"ይሄስ?" አላት።

"ጤነኛ ነው" አለች፣ የታሰረ እጇን በደህናው ደግፋ።

"እስቲ" ብሎ ደግሞ መታው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ እርሳስና ወረቀት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። "ጻፍ፣ አንድ" አለኝ።

ጻፍኩ።